መደብ ያልነበረው መሐንዲስ፦ የሙሴ ኢልግ ሕይወትና ሥራ

በየመሥሪያ ቤቱ ለያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራ ዝርዝር መግለጫ የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ የመደቡን መጠሪያ፣ ደረጃውን፣ ተጠሪነቱንና ተግባሮቹን በተራ ቁጥር ይዘረዝራል። የመጨረሻው ተራ ቁጥር ግን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ሠራተኛው ከአለቃው የሚታዘዘውን ሌላውንም ሥራ እንዲፈጽም ያስገድደዋል። መሐንዲስ የሆነ ሰው ጥቂት ዓመት ካገለገለ በኋላ አንድ ነገር ይገነዘባል፤ ይኸውም የሥራ ዘመኑን በእጅጉ የምትመራው ይህችው የመጨረሻዋ ቁጥር መሆኗን ነው።

እኔ የምሠራው በገራዶ ነው። ገራዶ ከደሴ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኝ ሜዳ ሲሆን፣ ከጥልቅ ጉድጓዶቹ የሚወጣው ውኃ በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ ወደ ደሴ ይወጣል። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የአስተዳደር ኃላፊነት ሹመት አቀረበልኝ። ደመወዙ ከፍ ያለ ነው፤ ከቧንቧና ከፓምፕ ግን ፈጽሞ ያርቃል። በያዝሁት የሙያ መደብ ብቆይ ደግሞ ከእንግዲህ ወዲያ የምወጣበት ደረጃ የለም። ይህ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ስለ መሐንዲስ የሙያ ዕድገትና ስለ ሥራ አደላደል እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ጉዳዩ በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ በአገራችን በዚሁ ጎዳና ከማንም ቀድሞ የተጓዘውን የአንድ መሐንዲስ ሕይወት ማቅረቡን መረጥሁ። ይኸውም የአፄ ምኒልክ መሐንዲስና አማካሪ የነበረው፣ ያገራችን ሰው ሙሴ ኢልግ እያለ የሚጠራው አልፍሬድ ኢልግ ነው።

ከእጅ ሥራ ወደ ፖሊቴክኒክ

አልፍሬድ ኢልግ በመጋቢት ወር 1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር፣ በቱርጋው ክፍል፣ በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ በመካኒክነት ተለማማጅ ሆኖ የእጅ ሥራ ከተማረ በኋላ ወደ ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብቶ የምህንድስና ትምህርቱን ፈጸመ። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባዋል። በመጀመሪያ ሞረድና መዶሻ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ሒሳቡንና ንድፉን ተማረ። ብዙዎቻችን የተጓዝነው በተቃራኒው ነው፤ በመጀመሪያ ቀመሩን አጥንተን ዲግሪ ከያዝን በኋላ ብሎን ማጥበቅን ከሥራችን ካሉ ቴክኒሻኖች በድብቅ እንማራለን።

በዚያን ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሰዎችን ከአውሮፓ ለማስመጣት ይሹ ነበር። ጥያቄያቸው በኤደን በነበረ አንድ የስዊስ ንግድ ቤት አማካይነት ወደ ዙሪክ ደረሰ፤ ኢልግም ጥሪውን ተቀበለ። በ1870 ዓ.ም. ከሁለት የስዊስ የእጅ ባለሙያዎች ጋር ከአገሩ ተነሣ። በዚያው ዓመት አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ከገራዶ ብዙ በማይርቀው በቦሩ ሜዳ የሃይማኖቱን ጉባኤ አድርገው ነበር። ኢልግና ባልደረቦቹ ባሕሩንና በረሃውን ተሻግረው ሸዋ የደረሱት በ1871 ዓ.ም. ነው። ዕድሜው ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች

ወጣቱ መሐንዲስ ሸዋ ሲደርስ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት፣ የሚረከበው መደብ፣ የሚመለከተው ዝርዝር መግለጫ አልነበረም። ንጉሡ በመጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው እንዳዘዙት ይተረካል። ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ተጠየቀ። ከፖሊቴክኒክ ለወጣ ሰው ጫማ መስፋት ውርደት ሊመስለው ይችል ነበር። ኢልግ ግን ሥራውን ሠርቶ አስረከበ። ከንጉሡ በኩል ሲታይ ትእዛዙ ትርጉም ነበረው፤ የአንድን ባለሙያ ችሎታ በወረቀት ምስክርነት ለመመዘን በማይቻልበት ጊዜ፣ በቅርብ በሚታይና በሚነካ ነገር መፈተን አስተዋይነት ነው። የዛሬው የሥራ አመራር ትምህርት የሙከራ ጊዜ ብሎ የሚጠራው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር መታወስ አለበት። በዚያ ዘመን ባገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪውና ሸማኔው የሚሰደቡ፣ የሚናቁና በቡዳነት የሚጠረጠሩ ነበሩ። ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስለዚህ ነው። ከውጭ የመጣ የተማረ ሰው በንጉሥ ግቢ ውስጥ መዶሻ ይዞ መታየቱ ብቻውን ትምህርት ነበር። ይሁን እንጂ ያ ክብር ለኢልግ እንጂ አብረውት እሳት ያነዱ ለነበሩት ቀጥቃጮች ወዲያው አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ ሥራዎቹ ሰፉ። ኢልግ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። የጋሪ መንገድ በሌለበት አገር ለድልድይ የሚሆን እንጨትና ብረት ማጓጓዝ ራሱ ከድልድዩ የማይተናነስ ሥራ መሆኑን የቆላ ወንዝ ላይ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ንድፉን ያወጣው፣ ዕቃውን የቆጠረው፣ ሠራተኛውን ያሰማራው፣ ሒሳቡን ያቀረበው አንድ ሰው ነበር። ዛሬ በነዚህ ሥራዎች ላይ ቢያንስ አራት የተለያዩ መደቦች አሉ።

ከምህንድስናው ጎን ለጎን ኢልግ ነጋዴም ሆነ። በ1880ዎቹ መግቢያ በሐረር ይነግድ ከነበረው ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከአርተር ራምቦ ጋር ስለ ዕቃና ስለ ሲራራ ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፏል። ለኢልግ የተወሰነ መደብ ስላልነበረው ጥቅሙም በተወሰነ ልክ አልተቈረጠለትም፤ ስለዚህ የመንግሥቱ ሥራና የግል ጉዳዩ በአንድ ሰው እጅ እየተደባለቁ ሄዱ። የዚህን ውጤት ወደ በኋላ እናየዋለን።

ውኃው ሽቅብ ሲወጣ

እንደኔ ላለ የውኃ ሰው ከኢልግ ሥራዎች ሁሉ የሚያስደስተው በ1886 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የሠራው የቤተ መንግሥት የውኃ መስመር ነው። ቤተ መንግሥቱ በኮረብታ ላይ ያለ በመሆኑ ውኃ የሚቀርብለት በሰው ትከሻና በእንስራ ነበር። ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ምንጭ ጠልፎ በብረት ቧንቧ ውኃውን ቁልቁል ወደ ሸለቆው አወረደው፤ ከሸለቆውም መልሶ ሽቅብ ወደ ግቢው ኮረብታ አወጣው።

ውኃ ወደ ላይ ይወጣል ቢባል በዚያን ጊዜ የሚያምን ጥቂት ነበር። ዘዴው ግን ምትሃት የለበትም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ ከመነሻው ከፍታ የሚያገኘውን ግፊት ይዞ ይጓዛል። መድረሻው ከመነሻው ዝቅ ያለ እስከ ሆነና ልዩነቱም በቧንቧው ርዝመት ላይ በሰበቃ የሚባክነውን ግፊት ለመሸፈን እስከ በቃ ድረስ፣ በመካከሉ ሸለቆ ቢኖርም ውኃው ይደርሳል። ፈተናው ያለው ከሸለቆው ግርጌ ነው፤ ግፊቱ ከሁሉ የሚበረታው በዚያ ስለሆነ ቧንቧውና መጋጠሚያው በዚያ ቦታ ጠንካራ መሆን አለባቸው። በገራዶ ፓምፕ የምንጠቀመው ጉድጓዱ ከከተማው በታች ስለሆነ ነው፤ የግፊቱ ሕግ ግን አንድ ነው፤ ቧንቧ ሲፈነዳብንም የሚፈነዳው ዘወትር ከታች በኩል ነው።

ይህ ሥራ ለኢልግ ከማንኛውም የሹመት ደብዳቤ የበለጠ ሥልጣን ሰጠው። የቴክኒክ ሰው አመኔታ የሚያገኘው እንዲህ ነው፤ ነገሩን ተናግሮ፣ ሠርቶ፣ ሰው ሁሉ ሲቀዳ ያየዋል። ነገር ግን አመኔታው ወደ የት ወሰደው? ወደ ተጨማሪ የውኃ መስመር አልወሰደውም።

ከድልድይ ወደ ውል

በ1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የተዋዋሉት ከደሴ በስተ ሰሜን በአምባሰል፣ በውጫሌ ነበር። የውሉ ዐሥራ ሰባተኛ አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተለያየ ትርጉም ይዞ በመገኘቱ ጠብ በተነሣ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓን የሚያውቅና የሚያምኑት ሰው አስፈለጋቸው። ኢልግ አማርኛን አጥርቶ ተምሮ ነበር፤ የአውሮፓን ቋንቋዎች ያውቃል፤ የመጣበት አገርም በአፍሪካ ቅኝ ግዛት የሚፈልግ አይደለም። ስለሆነም ደብዳቤ ማንበብ፣ መተርጐምና መምከር ከዕለት ወደ ዕለት ዋና ሥራው እየሆነ ሄደ። በፓሪስ በታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮችና በፖስታ አገልግሎት ማቋቋም ጉዳይም እጁ አለበት።

በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ሦስት ወጣቶችን፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን፣ ጉግሣ ዳርጌንና ቅጣውን፣ በስዊስ አገር እንዲማሩ ከኢልግ ጋር ላኩ። ይህ ነገር ፍሬ ቢያፈራ ኖሮ ለኢልግ ተተኪ የሚሆን ትውልድ መጀመሪያ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ከአድዋ ጦርነት አስቀድሞ ወጣቶቹ ወደ ኢጣልያ ተወሰዱና ትምህርታቸው ተሰናከለ። አፈወርቅ በኋላ በጸሐፊነቱ ታወቀ፤ ከሦስቱ መሐንዲስ ሆኖ የተመለሰ ግን አልነበረም።

በ1888 ዓ.ም. የክተቱ ሠራዊት እንዲሰበሰብ የታዘዘው በወረ ኢሉ ነበር፤ ዛሬም ከገራዶ በጉጉፍቱ በኩል የሚወጣው መንገድ ወደዚያው ይወስዳል። ከአድዋ ድል በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌ ውል ተሻረ። የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞች ተከታትለው መጡ፤ በዚያው ዓመት ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ጋር የወሰን ውሎች ተደረጉ። በመጋቢት 1889 ዓ.ም. ኢልግ በሚኒስትር ማዕረግ የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ተሾመ። የውጭ ጉዳይ ሥራ ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፍ ጀመር።

በመካኒክ ተለማማጅነት የጀመረ ሰው ከዚህ መድረሱ የሚያስደንቅ ዕድገት ነው። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ እርምጃ ከመሐንዲስነቱ እየራቀ መሄዱን መዘንጋት አይገባም። አገሪቱ በዚያ ቀን አንድ ብልህ አማካሪ አገኘች፤ ከነበሯት እጅግ ጥቂት መሐንዲሶችም ታላቁን ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛ አስተላለፈች።

ባቡሩና የአንድ ሰው ሁለት ባርኔጣ

የኢልግ ታላቅ ሕልም የምድር ባቡር ነበር። ሐሳቡን ለዓመታት ይዞት ቆይቶ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ከምኒልክ ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት የሚጸና ፈቃድ ተቀበለ። መስመሩ በሦስት ክፍል የተወጠነ ነበር፤ ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ የኢልግ ሸሪክ ሆነ፤ ኩባንያውም በፓሪስ ተቋቋመ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ወጪው እጅግ ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ መስመሩ በቆላው አልፎ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው።

ከምህንድስናው ይልቅ የተሰናከለው ገንዘቡ ነበር። ኩባንያው ካፒታል አጠረው፤ የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች ገቡበት፤ ይህን ለመቋቋም የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ውል ተዋዋለ። ምኒልክ አንድ ባዕድ መንግሥት ያለ ፈቃዳቸው በአገራቸው ባቡር ላይ እጁን ማግባቱን አይተው እጅግ ተቈጡ። ሐዲዱም ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ።

በዚህ ጊዜ የኢልግ ሁኔታ ምን ነበር? በአንድ በኩል የባቡሩን ፈቃድ የተቀበለ ሰው ነው። በሌላ በኩል ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት አማካሪ ነው። ኩባንያው ከመንግሥቱ ጋር ሲጋጭ ኢልግ በጠረጴዛው በሁለቱም ወገን ተቀምጦ ነበር። ይህን የምጽፈው ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም፤ ለምኒልክ ብዙ ዘመን በታማኝነት ያገለገለ ሰው ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው አቀማመጥ ታማኙንም ሰው ለጥርጣሬ ያጋልጠዋል። ጫማ ሰፊው፣ መሐንዲሱ፣ ነጋዴው፣ አማካሪውና የኩባንያው ሰው አንድ ሲሆኑ፣ አንዱ ሥራ ሌላውን የሚቈጣጠርበት መንገድ ይጠፋል። የሥራ አደላደል ማለት ተግባርን ማከፋፈል ብቻ ሳይሆን የማይገናኙትን ኃላፊነቶች መለየትም ነው። የግንባታ ተቋራጭና ተቈጣጣሪ መሐንዲስ ከአንድ ድርጅት እንዳይሆኑ ዛሬ የምንከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወንበሩ ከሰውየው ጋር ሄደ

የኢልግ ተሰሚነት በመጨረሻዎቹ ዓመታት እየቀነሰ መጣ። በ1899 ዓ.ም. ሃያ ስምንት ዓመት ያህል የቆየው አገልግሎቱ አበቃና ኑሮው በዙሪክ ሆነ። የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ ዕቃዎችና ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የባህል ሙዚየም ይገኛሉ። በ1908 ዓ.ም. በስድሳ አንድ ዓመቱ በዚያው አረፈ። ባቡሩ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው በሌላ ኩባንያ እጅ በ1909 ዓ.ም. ነው። የሕልሙን ፍጻሜ ሳያይ ቀረ።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም.፣ ማለት ኢልግ ሥራውን ከለቀቀ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ አፄ ምኒልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮችን ሾሙ። የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ተሰጠ። በኢልግ ትከሻ ላይ ከነበረው ሸክም ውስጥ የፖለቲካው ክፍል በዚህ ዓይነት ስምና ወንበር አገኘ፤ ሰው ቢለወጥም ወንበሩ ቆየ። የመሐንዲስነቱ ክፍል ግን እንዲህ አልሆነለትም። ኢልግ ድልድይ፣ ውኃ መስመርና ባቡር የሠራበት ዕውቀት በሥሩ የተቋቋመ ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ ከቀጥቃጭ ወደ ፎርማን፣ ከፎርማን ወደ መሐንዲስ የሚያወጣ መሰላልም አልተተከለም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የምህንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ እስኪከፈት ግን ከዚያ በኋላ አርባ አራት ዓመት ፈጀ። በእነዚህ ዓመታት መሐንዲስ በተፈለገ ቁጥር ከባሕር ማዶ ይጻፍ ነበር፤ ልክ በ1870 ዓ.ም. እንደ ተደረገው ሁሉ።

ለዚህ ጥፋቱን በኢልግ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ተተኪ የማፍራት ግዴታ የሰጠው አልነበረም፤ ጊዜም አልተወለትም። ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ይደራረብበት ነበር፤ ሁሉንም መሥራት መቻሉ ሌላ ሰው እንዳይፈለግ አደረገ። በየመሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ሰው አለ። ሁሉን ያውቃል፤ ሁሉ ወደ እርሱ ይመራል፤ ይመሰገናል፤ ይሾማል። አንድ ቀን ሲሄድ ግን የቫልቩ ቦታ፣ የሞተሩ ጠባይ፣ የተቀበረው ቧንቧ መንገድ አብሮት ይሄዳል።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው

ከኢልግ ታሪክ ሁለት ነገሮችን አንስቼ ልደምድም። አንደኛው የዕድገት መሰላል ጉዳይ ነው። መሐንዲስ የሚያድገው ምህንድስናውን ሲተው ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሹመት ለመሥሪያ ቤቱ ኪሳራ ይዞ ይመጣል። በአስተዳደሩ መሰላል አጠገብ እኩል ደመወዝና እኩል ክብር ያለው የሙያ መሰላል ቢቆም፣ ለአመራር የተፈጠረው ወደዚያ ይሄዳል፤ ለሙያው የተፈጠረው በሙያው ከፍ ይላል። ሁለተኛው የመደብ ጉዳይ ነው። ማንኛውም የቴክኒክ መደብ ሲቀረጽ ባለቤቱ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚያስተምር፣ ምን ጽፎ እንደሚያስቀምጥ፣ በየትኛውም ጉዳይ እጁን እንዳያገባ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ለዚህ ከዚያች ከመጨረሻዋ ተራ ቁጥር በፊት ቦታ ይገኛል። ማኅበራችን ስለ ሙያ ደረጃ አሰጣጥ በሚመክርበት ጊዜ እነዚህን ሁለቱን እንዲያያቸው አሳስባለሁ።

ስለ ራሴ ጉዳይ አንባቢ ቢጠይቅ፣ ለቀረበልኝ ሹመት ገና መልስ አልሰጠሁም። ይህን ጽሑፍ ማዘጋጀት ከጀመርሁ ወዲህ ግን በየሳምንቱ ሁለት ከሰዓት በኋላ ከአንድ ወጣት ቴክኒሻን ጋር ከገራዶ ጉድጓዶች ተነሥተን መስመሩን ተከትለን እንወጣለን። እኔ በቃሌ የማውቀውን እናገራለሁ፤ እርሱ በካርታ ላይ ያሰፍራል። በአንዳንድ ቦታ ያልሁት ስሕተት ሆኖ ሲገኝ እርሱ ቆፍሮ ያርመኛል። እስካሁን ግማሹን ያህል ጨርሰናል። ሌላውን ግማሽ ሳንጨርስ፣ ልሹምም ልቅርም፣ ከዚህ ሜዳ ላለመነሣት ወስኛለሁ።